የማይደወልበት ሰዓት

ድሬ አድራሻ የላትም፤ ምልክት ነው ያላት፦
«ከዋርካው ሥር ውረጂና ሳምቡሳ ጠባሿን ጠይቂያት፤
ጥቁሩን በር ታሳይሻለች፣ ከወፍጮ ቤቱ ጎን ያለውን።»
እኔም የምሸጠው ይህን ነው፤ የሴትዮዋን ጣት፣
የበሩን ቀለም፣ ቅያሱ የሚያልቅበትን።

ድረ ገጽ ነው፤ ትንሽ ነው፤ ሆቴል የለበትም፤
ወርቅ ቤት፣ የሙሽራ ልብስ፣ የጉዞ ወኪል አይገባበትም።
ጠጋኝ ብቻ። ሰባራ የሚያነሣ፦
የስፌት መኪና፣ የባጃጅ ፍሬን፣ የፍሪጅ ሆድ፣ የሰዓት ሬሳ።
መቶ አርባ ሁለት ስም።
ከነዚህ የሚከፍለኝ ስድሳ።

እናቴ «ቁጥር ይሸጣል እንዴ?» ትለኛለች፣
«ከተማው ሁሉ የሚያውቀውን?» እላታለሁ፦ «አንዴ
ብቻ ማራገቢያሽ በግንቦት ይቁም፤
ያኔ ይገባሻል የአንድ ሰው ቁጥር ዋጋ፤
አልጋሽን ግቢ አውጥተሽ፣ ዓይንሽ ሳይከደን ሲነጋ።»

ደብተር ይዤ ዞርኩ፣ ከቀፊራ እስከ ታይዋን።
«በወር መቶ ብር? ለምን?»
አሉ ጋሽ ዘውገ፣ አውልቀው መነጽራቸውን።
አርባ ዓመት መኪና ሲጠግኑ ስም የለም በራቸው ላይ፤
«የሚፈልገኝ ያገኘኛል።»
«ጋሼ፣ የሚፈልግዎት እኮ አረጀ፤
አሁን ፈላጊው ልጁ ነው፤ እሱ ደግሞ ስልኩን ነው የሚያይ።»
ዝም አሉኝ። በሦስተኛው ወር ከፈሉኝ፣ በብር ሳይሆን፣
ዘይት አጠጥተው፣ መርፌ ቀይረው የእናቴን ሲንጀር።
«ደረሰኝ ቁረጪልኝ» አሉ፤ ቆረጥኩላቸው፣ በቁም ነገር።

ከስምና ከሥራ ቀጥሎ አንድ ዓምድ አለኝ፣
«የማይደወልበት ሰዓት» የሚል። እሱን ያስጀመረኝ
ሂርሲ ጉሌድ ነው፣ ከለገሃር ጀርባ፣ የማራገቢያ ሐኪም፦
«ከሰባት እስከ አሥር ጫቴ ላይ ነኝ።
ያኔ ከጮኸ፣ ወላሂ፣ ስልኩን ደቻቱ አሸዋ ላይ ነው የማገኘው!
ጻፊው አቦ፣ ሰው ይወቀው።»
ጻፍኩት። በሳምንቱ ሁሉም መጣ፣ «የኔንም» እያለ፤
አንዱ የሶላቱን፣ አንዷ የምታጠባበትን፣
ጋሽ ዘውገ የዜናውን፤
አንድ ሶል ሰፊ ደግሞ፣ ምክንያቱን ሳይነግረኝ፣ ዓርብን ሙሉውን።

ገቢዬን ለምትጠይቁኝ፦ ደግ ወር ስድስት ሺህ፤
ክፉ ወር፣ ግማሹን ካገኘሁ ተመስገን።
ከዚያው ላይ የድረ ገጹ ኪራይ፣ ካርድ፣ ባጃጅ፣ የጫማዬ ሶል።
(ሰፊው ዝርዝሬ ውስጥ አለ፤ ለኔ ግን ዋጋ አይቀንስም።)
አንድ ቀን የሳቢያን ባለ ሆቴል መጣ፣ ሽቶው ቀድሞት፦
«ከሁሉ በላይ አድርጊኝ፤ ዐሥር ሺህ፣ አሁኑኑ።»
«ምን ትጠግናለህ?» አልኩት።
አሰበ። ሳቀ። ሄደ።
ያን ማታ እናቴ አልሳቀችም።

ጥቅምት ላይ ሂርሲ ሞተ። መስመሩን ልሰርዝ ተቀመጥኩ፤
ጣቴ ቁልፉ ላይ።
ከሰባት እስከ አሥር የሚለውን አነበብኩ፤
ተውኩ።

ወሩ ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ እንደ ልማዱ፣
ስልኬ ጢው አለ። መቶ ብር።
ከሂርሲ ጉሌድ።
በዚያው ቁጥር።

ስምንት ሰዓት ነበር፣ ድሬ መዝጊያዋን ገርበብ አርጋ
ፀሐይዋን ውጭ የምትተውበት።
ደወልኩ፣
በማይደወልበት።

ሁለቴ ጠራ፤ ተነሣ። የልጅ እግር ሴት ድምፅ፦
«ቶሎ በይ፣ ሽቦ በጥርሴ ይዣለሁ።»
ከኋላዋ ማራገቢያ ይዞራል፣
አንዱ ክንፉ ይንቋቋል፣ ይቆማል፣
ደግሞ ይዞራል።
«ስሙን...» አልኩ፤ «ስሙን በማን ልቀይረው?»
ሽቦውን ከአፏ አወጣች መሰለኝ፤ ድምፅዋ ጠራ፦
«የሱን ስም ተዪው።
ሰዓቱን ግን አጥፊው፤
እኔ አልቅምም።»